ለአንድ ሞተር የተሞላ ካርድ

በውኃ አገልግሎቱ መሥሪያ ቤት የደንበኞች መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት፤ በማዕረጓ የሚጠራት ግን የለም። "እትዬ ካርድ" ይሏታል። ከመደርደሪያዋ ፋይል የሚወጣው ወሳጁ ስሙን፣ ቀኑንና የፋይሉን ሁኔታ ካርድ ላይ ጽፎ ሲፈርም ብቻ ነው፤ ፋይሉ እስኪመለስ ካርዱ በቦታው ቆሞ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን "ለእኔም ነው?" ቢሏት "በተለይ ለእርስዎ" ብላቸዋለች።

ታናሽ ወንድሟ ተቃራኒዋ ነበር። በዚያው መሥሪያ ቤት ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ፣ በገዛ ሞተሩ ሰፈር ለሰፈር ሲዞር የኖረ፣ "እምቢ" ማለት ያልተፈጠረበት ሰው። ሞተሩን ያልነዳ የለም። አንዱ ታንኩ ሞልቶ የተረከበውን፣ ነዳጁን ጨርሶ እየገፋ ይመልሰዋል። ሌላው ስፖኪዮ ሰብሮ "ድሮም የላላ ነበር" ይላል። አንዱ ደግሞ መንዳት እንኳ ሳይችል ፎቶ ሊነሣበት ወስዶ፣ ኮርቻው ላይ የጫማ ዱካ ትቶ መጥቷል። የራሳቸውን እስክሪብቶ ክዳኑን አስቀርተው የሚያውሱ ሰዎች፣ የሱን ሞተር ሊጠይቁ ሲመጡ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው። ወንድሟ ይስቅላቸው ነበር። እሷ አንድም ቀን አልሳቀችም።

የሁሉም አውራ "መጣሁ" ነው፤ እሱም ቆጣሪ አንባቢ። "አሁን መጣሁ" ብሎ ወጥቶ በማግሥቱ ስለሚመለስ ስሙ ይኸው ሆኖ ቀረ። እሱ ደግሞ ስሙን እንደ ሹመት ወደደው።

ከአራት ወር በፊት ወንድሟ ቁልቁለት ላይ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ሞተ። የትራፊክ ሪፖርቱ "የአደጋው ምክንያት፦ የአሽከርካሪው የጥንቃቄ ጉድለት" ይላል። በአንዲት መስመር ጨረሱት። ከሰው የሚቀረው ወረቀት ነው፤ የወንድሟ ወረቀት ትክክል አይደለም ብላ ሞተሩን ጋራዥ አስገብታ አስፈታችው። መካኒኩ ሽማግሌ የፊት ፍሬኑን ማንሻ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው።

"ይሄ በአደጋው ቀን የተጣመመ አይደለም። ቀድሞ ተጣሞ በፒንሳ ተቃንቷል፤ የፒንሳው ጥርስ ያረፈበት ይኸው ዝጓል። ማንሻው የሚስበው ሽቦ፣ ካቮውም ያኔ ነው መበጣጠስ የጀመረው። በሁለት ክር ተንጠልጥሎ ነበር የሚሠራው።"

"ማን ነው ያቃናው?"

"እሱን ብረቱ አይናገርም፣ ልጄ።"

እሷ ጠርጥራለች። ከአደጋው በፊት ባለው ሳምንት ሞተሩን የወሰደው መጣሁ ነው። ጥርጣሬ ግን ሰነድ አይደለም። ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱም "የጽሑፍ ማስረጃ አምጪና ሪፖርቱ ይታረማል" ብሎ መለሳት።

መካኒኩ ጠግኖ የመለሰላትን ሞተር ቤቷ ማቆሚያ ስለሌለው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሸራ አልብሳ አቆመችው። በሦስተኛው ቀን፣ ለምሳ ጥቂት ሲቀረው፣ መጣሁ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ክርኑን መዝገቧ ላይ አሳረፈ።

"እትዬ፣ እንደምን አረፈዱ? ነፍሱን ይማረውና፣ ያ ሞተር ቆሞ ሊበሰብስ ነው እኮ።"

"ይበስብስ።"

"ኧረ እትዬ! እሱ ቢሰማ ምን ይላል? ነገ የወደፊት አማቼ ፊት የምቀርብበት ቀን ነው። በእግሬ አቧራ ለብሼ ልግባ? ለአንድ ሰዓት ብቻ፤ አሁን መጣሁ ነው።"

ክርኑን አየችው። የጠላቻቸው ሰዎች ነበሩ፤ እንዲህ የናቀችው ግን አልነበረም። ጥላቻ እንኳ ለዚህ ሰው ይበዛበታል። ከመሳቢያዋ ባዶ ካርድ አውጥታ ከታች አንድ መስመር በእጇ ጨመረችበት፦ "ከዚህ በፊት በወሰዱበት ጊዜ የደረሰ ጉዳት።"

"ለሞተርም ካርድ?" ሳቀ።

"ለሞተርም። ባዶ መስመር አልቀበልም።"

ትንሽ ይሉኝታ ያለው ሰው እዚያ ላይ እጁን ይሰበስብ ነበር። የመጣሁ ልብ ግን አማቹ ደጅ ደርሷል፤ የሰው ንብረት ይዞ መውደቅም ለእሱ እንደ ማስነጠስ ያለ ነገር ነው። እስክሪብቶ ለምኗት እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበላት።

"'ጠጠር ላይ ወድቄ የፊት ፍሬን ማንሻ ተጣሞ በፒንሳ አቃንቼዋለሁ።' ይበቃል?"

"ቀኑ።"

ጻፈው። ከአደጋው አምስት ቀን በፊት ነው።

"ፊርማ።"

አሳምሮ ፈረመ። ካርዱን ሊሰጣት ብሎ መልሶ ሳበው። "ይሄንንም ልጨምር እንጂ፤ ደበቀ እንዳይሉኝ። 'ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ። ችግር የለም፣ ሳምንት አሠራዋለሁ ብሎኛል።'"

"ምን ብሎ መለሰልህ?"

"ትከሻዬን መታ አድርጎ 'አንተ ብቻ ትረፍ፣ ብረት ነው' አለኝ። ያውቁት የለ?"

ታውቀዋለች። ይህን ለመፍጠር መጣሁ የሚበቃ ልብ የለውም፤ ቃል በቃል የወንድሟ ንግግር ነው።

"እሺ፣ ቁልፉ?" እጁን ዘረጋ።

"አልሰጥህም።"

"ሞላሁ እኮ!"

"ሞልተሃል። ወንድሜ የሞተው በዚያ ባቃናኸው ፍሬን ነው።"

ፈገግታው መውረጃ አጥቶ ፊቱ ላይ ቀረ። "እኔማ... ነግሬዋለሁ እኮ" አለ። ሸራ ወደለበሰው ሞተር ዞር ብሎ አየና፣ "ታዲያ ነገ በምን ልሂድ?"

መስኮቱን ዘጋችበት።

ካርዱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችው። የላይኛው መስመር ወንድሟን ነጻ ያወጣል፤ የታችኛው እንደገና ይከስሰዋል። በሁለቱ መካከል የጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ አለ፤ መቀሱ አጠገቧ ነው። አንድ ጊዜ ቢቆረጥ ማንም አያውቅም። መቀሱን አነሣችው። ገጽ ጎድሎት የተመለሰ ፋይል ይዘው "እንዲሁ ነበር" የሚሏትን ሁሉ ሃያ ዓመት ስትንቅ ኖራ፣ አሁን የእነሱን ሥራ ልትሠራ እጇ መቀስ ውስጥ ገብቷል። ወዲያው ወንድሟ ላይ ተናደደች። ብረት ነው! የገዛ አንገቱን ለዚህ አደራ ቢስ አውሶ ትከሻውን መታ አድርጎ ሸኘው። ደግ ነበር ይሉታል ሁሉም። ደግነት አልነበረም፤ ሰውን ማስቀየም መፍራት ነው።

መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ጥላ ወረቀት ሳበች። ለትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ የሚሄደው ደብዳቤ አምስት መስመር ነው፤ ካርዱ ሳይቆረጥ፣ የመካኒኩም ቃል በአባሪነት ተያይዟል። አራቱን መስመር ወዲያው ጨረሰች። "ሟች የፍሬኑን መጎዳት ያውቅ ነበር" የምትለዋን አምስተኛዋን ጽፋ ስትነሣ ግን ሌሎቹ ሠራተኞች ምሳቸውን በልተው ተመልሰዋል።