በሰፌድ የተለቀመ ታሪክ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰላማዊት ደውላ ሥራ ሰጠችኝ። የምትኖረው እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ነው። ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ከዘንድሮ ጀምሮ ቤት ውስጥ ታስተምራቸዋለች። ለምን እንደሆነ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አስረድታኝ ነበር፤ ግማሹ ገብቶኛል።

«አባዬ፣ ሒሳቡንም ሳይንሱንም እኔ እወጣዋለሁ» አለችኝ። «ታሪክ ግን አቃተኝ። ገና መጽሐፉን ሳወጣ ያዛጋሉ። እስቲ የማያስተኛ መጽሐፍ ፈልግልኝ።»

እሺ አልኳት። አያት ሌላ ምን ይላል? ባጃጅ ይዤ እዚሁ ጅማ ወዳለው መርካቶ ወረድኩ። ከእህል ተራው አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት ላስቲክ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ጎረምሳ አለ። ለልጆች የሚሆን የታሪክ መጽሐፍ ስለው ጡብ የሚያህል አንሥቶ ሰጠኝ።

«ይቺን ይውሰዱ ፋዘር። ከባድ ናት።»

በእጄ መዘን መዘን አደረግኳትና ሳቄ መጣ። እናቴም መጀመሪያ የመረጠችው በክብደት ነበር።

ያኔ ከጅማ ወጣ ብሎ ሰርቦ ነበር የምንኖረው። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ እናቴ በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ የለቃሚዎች ካቦ ሆና ታሳድገን ነበር። ለቃሚዎቹ ሃያ ያህል ሴቶች ናቸው። የተፈለፈለውን ቡና ሰፌድ ላይ ዘርግተው ጥቁሩንና የተሰባበረውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። ወንድሜን መላኩን በአንድ ዓመት ብበልጠውም ክፍላችን አንድ ነበር። በጳጉሜን ከአቮካዶ ዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው አሸው፣ አሰረው፤ አጥንቱ ሲገጥም ግን አንደኛው እግር አጠረ። ልጆች ሲስቁበት ሰማና ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። እናቴ ዳይሬክተሩን ለምና ቤት ውስጥ አጥንተን ሰኔ ላይ ከሌሎቹ ጋር እንድንፈተን አስፈቀደች። እኔንም አስቀረችኝ፤ «እሱን ብቻውን ቤት አስቀምጬ ሆድ እንዲብሰው አላደርግም» ብላ። እኔ ጤነኛው ምን አጠፋሁ ብዬ ሳምንት አኮረፍኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። በገበያ ቀን ጅማ ሄዳ፣ ከጨውና ከሳሙና ጋር በነጠላዋ ቋጥራ ሦስት የታሪክ መጻሕፍት አመጣችልን። ሁለቱ ወፋፍራም ናቸው። ሦስተኛዋ ሽፋኗ የተገነጠለ ቀጭን መጽሐፍ ስትሆን፣ ሻጩ ምራቂ ብሎ የጨመረላት ናት። ትልቁን ከፈትን። እገሌ ነገሠ፣ እገሌን ወለደ፣ ሞተ፤ ልጁ ነገሠ፣ እሱም ሞተ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ምሳ በልተው የሚያውቁ አይመስለኝም። መላኩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ለዚህ ነው የምመለሰው? አልማርም፤ በቃ!»

እናቴ ደነገጠች። እግሩ ሲሰበር እንኳ እንደዚያ አላየኋትም። «እግር ቢያነክስ ይኬዳል» አለችኝ ውጭ አውጥታ። «ልቡ ካነከሰብኝ ግን በየትኛው ወጌሻ አሳሸዋለሁ?»

በማግስቱ መላኩን ጋሪ ላይ አስቀምጣ ሁለታችንንም መጋዘን ይዛን ሄደች። ጊዜው የለቀማ ወቅት ነበር። ከሰርቦ መንገድ ግራና ቀኝ ጀንፈል፣ ገና ያልተፈለፈለው ቡና፣ ተሰጥቷል፤ አየሩ ራሱ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። ጆንያ ላይ ተቀመጥን፣ ቅጠል ላይ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ቀረበልንና እናቴ ደንቡን ነገረችኝ።

«አንተ ታነባለህ፣ እነሱ እየለቀሙ ይሰማሉ። ወሬ ከጀመሩ መጽሐፉን መልሼ አስለውጠዋለሁ። ‹ከዚያስ?› ካሉ ይቀመጣል። ቡናም ብዙ እጅ ሲነካው ነው የሚጠራው።»

የትምህርት ሚኒስትር ቢሰማት ይስቅ ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የተሻለ የመጽሐፍ ምርጫ አላየሁም።

አንደኛው ወፍራም ገጽ ሳይገለጥ ወደቀ፤ ሴቶቹ ስለ በርበሬ ማውራት ጀመሩ። ሁለተኛው ትንሽ ቆየ። መሃል ላይ እትዬ ዘሀራ፣ ከሁሉም በዕድሜም በምላስም የምትበልጠው፣ «ይሄ ንጉሥ ሚስት የለውም እንዴ? ማን ነው የሚያበላው?» ብላ ጠየቀች። ገልብጬ ፈለግኩ፤ መጽሐፉ አያውቅም። እሱም ወደቀ።

ሦስተኛዋ ርዕሷ ስለተገነጠለ ስሟን እስከዛሬ አላውቀውም። የድሮ ሲራራ ነጋዴዎችን ታሪክ የምትናገር ነበረች። አንድ ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደዚህ ወደኛ አገር ሲመጣ ጊቤ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ይለፍ ወይስ ይደር? ዳማ በቅሎውን ይዞ ገባ።

«ጨው ጭኖ ሙላት ውስጥ!» አለች አንዷ። «ምን ዓይነቱ ሞኝ ነው!»

«ሰነ ቦደሆ?» አለች እትዬ ዘሀራ በኦሮምኛ። ከዚያስ ማለቷ ነው። እናቴን አየኋት፤ ፈገግ ብላለች። የመውጫው ደወል ሲደወል በቅሎዋን መሃል ወንዝ ላይ ትተናት ወደ ቤት ሄድን።

በማግስቱ የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ከድር እፍኝ ቡና ይዘው መጡ። ደህናው ውስጥ ጥቁሩ ተደባልቋል።

«አልማዝ! ይሄ ምንድን ነው?»

«የኔ ጥፋት ነው ሐጂ» አለች እናቴ ተነሥታ። «ልጆቼን አስነብቤ ነው። ጆሯቸው ሲሰማ ዓይናቸው ሰፌዱን ረሳው።»

«ሱብሃነላህ! መጋዘን ነው መድረሳ?»

«የትናንቱን ቡና ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ መልሰን እንለቅምልዎታለን። ንባቡን ግን አይከልክሉብኝ። ይሄ ልጅ ከትምህርት እየራቀብኝ ነው።»

ሃያዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንለቅማለን» አለች እትዬ ዘሀራ፤ «ግን ወላሂ በቅሎዋ መሻገሯን ሳንሰማ አይሆንም!»

ሐጂ የምን በቅሎ ብለው ጠየቁና ሁሉም በአንድ ጊዜ መለሱላቸው። ጆሯቸውን ያዙ። «እሺ፤ ቅዳሜ ልያችሁ። አንዲት ጥቁር ፍሬ ካገኘሁ ግን ንባቡ ያበቃል።»

ቅዳሜ መጽሐፉን ከፍቼ ማንበብ ስጀምር ድምፅ የለኝም። የገለባው ብናኝ ጉሮሮዬን ዘግቶታል። አሳለኝ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ምንም የለም። እትዬ ዘሀራ ወደ መላኩ ዞረች።

«አንተስ? የተሰበረው እግርህ ነው አፍህ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ያለቅሳል ብዬ ሰጋሁ። እሱ ወደ እናታችን አየ። እሷ አቀርቅራ ትለቅማለች፤ ቀና አላለችም። መጽሐፉን ከእጄ ነጠቀኝ።

መጀመሪያ እየተደናቀፈ አነበበ። በቅሎዋን ውሃው ሲወስዳት ግን ድምፁ ተለቀቀ፤ እንኳን እኔ፣ ደራሲውም እንደዚያ የሚያነብ አይመስለኝም። ሃያ ሴት አንገቷን ሰፌዱ ላይ ደፍታ ትሰማለች። ቁልቁል የሚወርደውን ሙላት እየሰማ ዓይኑን ከፍሬው የማይነቅል ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

«ሰነ ቦደሆ?»

መላኩ መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። «ሻይ ከጠጣችሁ በኋላ!»

ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ሳይሰማ አልቀረም። ከወራት በኋላ መላኩ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በቅሎዋ ተሻገረች፤ ጨዉ ሟሙቶ ቀረ። ሐጂ ሦስት ጆንያ አስፈትሸው ጥቁር ፍሬ አላገኙም፤ ንባቡም እስከ ወቅቱ መጨረሻ ቀጠለ። ሰኔ ላይ ተፈተንን፣ መስከረም ላይ መላኩ እያነከሰ ትምህርት ቤት ገባ። የታሪክ አስተማሪ ሆነ ብል ደስ ባላችሁ፤ የሆነው መካኒክ ነው። ጋራዡ ስትሄዱ ግን ከመፍቻዎቹ መሃል መጽሐፍ አታጡም።

እናቴን ካረጀች በኋላ ጠይቄያታለሁ። «ያን ቀን ሲያነብ ለምን ቀና ብለሽ አላየሽውም?»

«እንባዬን ያይብኝ ነበራ» አለችኝ። «ደግሞ ጥቁር ፍሬ ያመልጠኝ ነበር።»

እናም መርካቶ ላይ ጡቡን መለስኩና እህል ተራው ውስጥ አተር ከሚለቅሙ ሦስት ሴቶች አጠገብ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ጎረምሳው ያበድኩ መስሎት ነበር። አራተኛው መጽሐፍ ላይ አንዷ «አባባ፣ ከዚያስ?» አለችኝ። እሱን ገዛሁ፤ እሷንም እንዲሁ ጥያት አልሄድኩም፣ ምዕራፉን ጨረስኩላት።

ለሰላማዊት ስሰጣት አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። «አንቺ እንዳታነቢላቸው። እነሱ ያንብቡልሽ፣ አንቺ ምስር ልቀሚ።»

ትናንት ምሳ ጠራችኝ። ልጆቹ መጽሐፉ ላይ እየተሻሙ ነው፤ ሰላም ያሉኝም እንደ ነገሩ ነው። በሁለተኛው ጉርሻ ከምስር ወጡ ውስጥ ጥርሴ ጠጠር ነከሰ። ልጄ ሰምታ ደነገጠች። «ውይ፣ ይቅርታ አባዬ! ስለቅም እኮ ትንሹ እያነበበልኝ…»

«ገባኝ» አልኳት። ጠጠሩን አውጥቼ የትሪው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ብታየው እንዴት ደስ ባላት ብዬ አሰብኩና መብላቴን ቀጠልኩ።