ከአስተርጓሚው፤ ደህና ነው

ጋሽ ወልደገብርኤልን ከሥራ ያባረራቸው ሰላምታ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ለፍልፌያለሁ! ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ዘጠኝ ዓመት ኖረናል። ብርሃነሽ እባላለሁ፤ እንጀራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ የፈረንጅ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። የሽማግሌ አመል እችላለሁ፤ የሳቸው ግን አንጀቴን አቃጥሎታል።

እሳቸው ደብረ ታቦር ሃያ ሁለት ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ እውቀት ቶሮንቶ ሲደርስ ኖርዝ ዮርክ አንድ የሀብታም ኮንዶ በር ላይ ሴኩሪቲ ሆኖ ቁጭ አለ። አልከፋቸውም። "ወንበር አለኝ፣ ማሞቂያ አለኝ፤ የውቤ መድኃኒትም በዚሁ ሥራ ኢንሹራንስ ይሸፈናል፤ ሌላ ምን ልፈልግ?" ይሉኛል። ውቤ የሚሏቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውብአለምን ነው። ስኳር አለባቸው፤ ዓይናቸውን ጀምሮት ነበር። እና ያ ሥራ ለጋሽ ወልደገብርኤል እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ የሚስታቸው ዓይን ነበር።

በፈረንጆቹ 2010 መጀመሪያ፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ፣ ሚስተር ሀርግሬቭ የሚባል ጡረታ የወጣ ጠበቃ ከአሥራ ስምንተኛው ፎቅ ወርዶ ዴስካቸው ጋ ቆመና አገራቸውን ጠየቃቸው። የቅድመ አያቱን አባት ታሪክ እየጻፈ ነው። ያ ሰውዬ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የእንግሊዝ ጦር ገብቶ ህንድ የተዋጋ፣ ካፒቴን የሆነ፣ ትከሻውን ከቆሰለ በኋላ ጎራዴውን ሰቅሎ ዲፕሎማት የሆነ ነው። የመጀመሪያ መልእክቱ ወደኛ አገር ነበር፤ ከአንድ ደጃዝማች ጋር የንግድ ውል ሊዋዋል ከምጽዋ ሽቅብ ወጣ። ከዚያ ብራዚል ቆንስል፣ ቀጥሎ አንድ የጀርመን ልዑል ዘንድ የእንግሊዝ እንደራሴ፣ በመጨረሻም "ሰር" ተብሎ በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አልጋው ላይ ሞተ። ስለኛ አገር በማስታወሻው የተወው አንድ መስመር ነው፦ "አስተርጓሚዬ ለደጃዝማቹ የመጣውን ስጦታ ይዞ ከዳኝ።"

"የሱ ወረቀት ያለበት ሳጥን አለኝ፤ ውስጡ ሦስት የአማርኛ ደብዳቤ አለ፤ ታነብልኛለህ?" አላቸው። ታሪክ አስተማሪ እንዲህ ተጠይቆ እምቢ ይላል? ችግሩ፣ ሳጥኑ ከቤቱ አይወጣም። "ዴስኬን ጥዬ እንዴት ልውጣ?" ቢሉት፣ "ለሱፐርቫይዘርህ እኔ እነግረዋለሁ፣ አታስብ፣ እኔ አለሁ" አላቸው።

"ጋሼ፣ ይህንኑ ሁለት መስመር ጽፎ ይስጥዎት" ብላቸው ተቆጡኝ።

"ትልቅ ሰው ቃሉን ከሰጠኝ በኋላ 'ጻፍልኝ' ልበለው? ውሸታም ነህ እንደማለት እኮ ነው!"

ኤዲያ! ይሉኝታ እኛን ፈጀን እንጂ ለነሱ ምናቸው ነው?

አራት ቀን ከሰዓት ከሰዓት ወጡ። ያነበቡትን ማታ ማታ ይነግሩኝ ነበር። አስተርጓሚው አለቃ ሳህሉ ይባላሉ። ስጦታ ይዘው አልጠፉም። ደጃዝማቹ ካፒቴኑን ያዘውና "የንግሥትህ መልስ ሳይመጣ አለቅህም፤ ልሂድ ካልክ ዋስ ጥራ" አለው። ሰው የማያውቅ ፈረንጅ ማንን ይጥራ? አለቃ ሳህሉ "እኔ ዋስ ነኝ" አሉ። እሱ በቅሎ ላይ ወጣ፣ እሳቸው እግር ብረት ገቡ። ሁለቱን ደብዳቤ የጻፉት ከእስር ቤት ነው፤ የለመኑትም አንድ ነገር ብቻ፦ "አንድ መስመር ይጻፉልኝ፤ ደጃዝማቹ በአንድ መስመር ይፈቱኛል።" ሦስተኛው በአሥራ አንደኛው ዓመት የነፍስ አባታቸው የጻፉት መርዶ ነው።

ታዲያ ልመናው የተጻፈው ሥር ላይ ነው። አናቱ ላይማ እንደ ወጉ "ይድረስ ለክቡር ካፒቴን፤ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተ ሰብዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ይላል። በእግር ብረት ታስሮ ደህና ነኝ! ካፒቴኑ ለንደን አማርኛ የሚያውቅ ሚስዮናዊ ፈልጎ አናት አናቱን ብቻ አስነብቦ ኖሮ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ ጀርባ ላይ በእንግሊዝኛ ጽፎበታል፦ "ከአስተርጓሚው። ደህና ነው።" የቀሩትን ሁለቱን አልከፈታቸውም። የሰሙን ማኅተም የሰበሩት፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ጋሽ ወልደገብርኤል ናቸው።

ትርጉሙን በአሥራ አንድ ገጽ ጽፈው ሰጡት። ሚስተር ሀርግሬቭ ቆሞ አነበበ፣ ፊቱ ቀላ፣ "ቴንክ ዩ" ብሎ በሩን ዘጋ። በሳምንቱ ለመጽሐፉ ጉዳይ ለንደን ሄደ።

እሳቸው አሥራ ስምንተኛው ፎቅ በነበሩበት በአንዱ ከሰዓት ደግሞ ከሎቢው የአንድ ነዋሪ ብስክሌት ተሰርቆ ኖሯል። ሱፐርቫይዘሩ የካሜራውን ቪዲዮ ቢያይ ዴስኩ ባዶ ነው። "ነዋሪ ጠርቶኝ ነው" ቢሉት፣ "እሺ፤ የጠራህ ሰው አንድ መስመር ኢሜይል ይላክልኝ፤ አሥር ቀን ሰጥቼሃለሁ" አላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ክፉ ሰው አልነበረም።

ኮል ቢያደርጉ ስልኩ ባዶ ቤት ውስጥ ይጮኻል። ኢሜይል ጻፉ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛውን እኔ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሲጽፉ ከትከሻቸው በላይ አነበብኩት። እንደምን ሰነበቱ፤ ጉዞው እንዴት ነበር፤ የጉልበትዎ ሕመም ተሻለዎት ወይ፤ ባለቤቴ ሰላም ትላለች፤ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉዳዩ ከነዚህ ሁሉ በታች፣ ያውም እየተሽኮረመመ።

"ጋሼ! 'ሥራዬን ላጣ ነው' ብለው ይጀምሩ እንጂ!"

"ደህና ዋልክ ሳልለው? ባለጌ ነኝ እንዴ?"

"ቢያንስ 'ደህና ነን' የሚለውን ያጥፉት!"

"ታዲያ ሰው ጤና ሲጠይቅ በሽታውን ይዘረግፋል?"

እኔ ልሙት፣ ኮምፒውተሩን በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ። የአለቃ ሳህሉን ደብዳቤ በገዛ እጃቸው ተርጉመው፣ በገዛ እጃቸው ደግመው ጻፉት።

በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ፦ "ደህና በመሆናችሁ ደስ ብሎኛል። ሀርግሬቭ።" አለቀ።

እሳቸው ተነስተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ግን እዚያው ቁጭ ብዬ በስሜ ጻፍኩለት፣ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ደህና ዋልክ፦ "ሰውየው ነገ ይባረራሉ፤ አንድ መስመር ጻፍ።" መልስ የለም። ያኔ ገባኝ። ለካስ ሰላምታው ሰበብ ነው፤ ላለማንበብ የቆረጠ ሰው ከላይ ቢጽፉለትም ከታች ቢጽፉለትም አያነብም።

በማግስቱ ሰማያዊ ኮታቸውን አጣጥፈው አስረከቡ። ከስምንት ወር በኋላ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠረጴዛ መወልወል አገኙ፤ ኢንሹራንስ የለውም። ወይዘሮ ውብአለም ለባላቸው ሳይናገሩ መድኃኒቱን አንድ ቀን እየዘለሉ መዋጥ ጀመሩ። እኔ እንኳን፣ ሥራዬ ይህ ሆኖ፣ አላወቅኩም፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል። የግራ ዓይናቸው ጠፋ።

መጽሐፉ በ2012 ወጣ። ከላይብረሪ ተዋስኩት። አስተርጓሚው አሁንም "ከዳ" ይላል። ሦስቱ ደብዳቤዎች "የግል ሰላምታ ናቸው" ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ "ለሕንፃችን ደግ ዘበኛ" ምስጋና አለ። ስም የለውም። ለሰው ሞት አነሰው ማለት ይኼኔ ነው!

በዓመቱ፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እነሱ ቤት ቁጭ ብለን፣ ጋሽ ወልደገብርኤል ፖስታ ከፈቱ። ከሚስተር ሀርግሬቭ ነው፣ በወፍራም ወረቀት። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር መጽሐፉ ላይ የታተመውን የደብዳቤዎቹን ፎቶ አይቶ "ይህ ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ደብቀሃል" ብሎ አፋጦታል። ሁለተኛው እትም ሊታረም ነው፤ ትርጉሙ የሳቸው መሆኑንና ምን እንደሚል አረጋግጠው "አንድ መስመር ብቻ" እንዲጽፉለት ይለምናል። እንደምን ናችሁ ብሎ ነው የጀመረው፤ ተምሯል!

እሳቸው አጠፉትና ጀርባው ላይ ጻፉ፦ "ከሀርግሬቭ። ደህና ነው።" መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

"እሰይ! የእጁን አገኘ!" አልኩ። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! እሱም ይጠብቅ!" እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ወይዘሮ ውብአለም ከወንበራቸው ሆነው፣ "ሰውየውስ?" አሉ።

"የቱ ሰውዬ?" አልኩ።

"እስር ቤት ያለው።"

ጋሽ ወልደገብርኤል መሳቢያውን መልሰው ሳቡ፣ ወረቀት አወጡ፣ በእንግሊዝኛ ጻፉ፦ "አለቃ ሳህሉ አልከዱም። ዋስ ሆነው በእግር ብረት ሞቱ። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ወልደገብርኤል።" አሳዩኝ።

"እንዴ ጋሼ፣ ሰላምታውስ?" አልኳቸው፤ ልማድ ሆኖብኝ ልቀልድ።

ወደ ሚስታቸው አዩ። ከዚያ ፖስታውን በምላሳቸው አርሰው ዘጉት።

"ደህና አይደለንማ" አሉ።