አስካለ የተዋሰችው አፍ

አስካለን «ውሸታም አልቃሽ» የሚሉ ሽማግሌዎች ዛሬም ቀወት ውስጥ አሉ። ስሰማቸው ደሜ ይፈላል። ቀብሯ ላይ እንኳ አልነበሩም! እሷ ባትኖር ያለ እናት የምቀረው እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ጡት እንኳ አልጣልኩም። የሆነውን የነገረችኝ ጎረቤታችን እትዬ ሐምዲያ ናት። እናቴማ ነገሩ ሲነሳ ብድግ ብላ ትወጣ ነበር።

አስካለ ቁጭ ማለት የማይሆንላት ሴት ነበረች። ባል ፈትታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጀውሃ ሰው ሞተ ከተባለ በእግሯ ትደርሳለች። ሥራዋ ለቅሶ ላይ ግጥም ማውረድ ነው። ለቀስተኛው መሐል ትቆምና አንዴ የሟች ሚስት፣ አንዴ እናቱ ሆና «እኔ» እያለች ትናገራለች። ሐዘንተኛዋ መናገር ያቃታትን እሷ ታወጣላታለች። በእኛ አገር ያንን «እኔ» ሰምቶ አስካለ ስለ ራሷ አወራች የሚል ሰው የለም።

በጣሊያን ጊዜ፣ በ1930 ዓ.ም.፣ አባቴ ወልደማርያም ከአርበኞች ጋር እንዳለ ጀውሃ አካባቢ ተገደለ። ሬሳው አልተገኘም። ጋቢውን ዘርግተው አለቀሱለት፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ። አስካለ እናቴን ጌጤን ሆና እንዲህ አለች፦

ማሽላው መሐል ነው እራት ያበላሁት፣
ጥይቱን በጨርቄ ቋጥሬ የሰጠሁት።

እናቴ ጮኻ ወደቀች። ነገሩ እውነት ነበርና! እራቱንም ጥይቱንም ማሽላው ውስጥ ያደረሰችለት እሷ ናት፤ ለማንም ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አስካለም አታውቅም ነበር። የአርበኛ ሚስት ምን ታደርጋለች ብላ ከራሷ አውጥታ ነው ያለችው።

ግጥሙን አንዱ ወሬ አቀባይ ጣሊያኖቹ ካምፕ አደረሰው። በማግስቱ ጠዋት አስካለን ወሰዷት። አስተርጓሚው የደጋ ሰው ነው፤ ያገራችንን ልማድ አያውቅም። «ያበላሁት» ካልሽ ጥይት ያቀበልሽው አንቺ ነሽ ሲላት አስካለን ንዴት ያዛት። በሙያዋ የመጣባትን አትወድም።

«እኔማ አልቃሽ ነኝ» አለችው። «እኔ ስል የሟች ሚስት ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አለ?»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ምን እንዳደረገች ገባት። ልመልሰው ብትል የት ታገኘዋለች! ወታደሮች እናቴን ሊያመጡ ወጡ። እስኪመለሱ ድረስ አስካለ ከግንቡ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ግንቡ ስትመላለስ ዘበኛው ሁለት ጊዜ በሰደፍ መታት፤ እንዲያም ሆኖ አልተቀመጠችም።

እናቴ መጣች። እትዬ ሐምዲያም እኔን አዝላ ተከትላት መጣች። የካምፑ ሹም፣ ጣሊያኑ፣ ብዙ አልጠየቀም፤ የሟች ሚስት በጣርማ በር በኩል ወደ እስር ቤት ትላክ ብሎ አዘዘ። ወደዚያ ተልኮ የተመለሰ ሰው አላየንም። እናቴ ዞራ እኔን አየች።

አስካለ አስተርጓሚው ፊት ቆመች። እሱን እንደሞተ ቆጥራ፣ እናቱን ሆና፣ ደረቷን እየመታች ታለቅስለት ጀመር፦

በሬዬን ሸጬ ነው ያስተማርኩት ፊደል፣
ዛሬ በሰው አገር በሰው ቋንቋ ሊውል።

ሰውየው ሊያስቆማት እጁን አነሳ፤ እጁ እዚያው ቀረ። እንባው ወረደ።

«እናትህን አይቻት አላውቅም» አለችው። «በሬ ይኑራት አይኑራት ማን ነግሮኝ? ከራሴ ነው ያወጣሁት፤ አንተ ግን አለቀስህ። ለዚያኛው ሟችም ያልኩት እንዲሁ ነው። ጥይት ያቀበለ ሰው የለም።»

አስተርጓሚው ፊቱን ጠርጎ ወደ ሹሙ ዞረ፤ በጣሊያንኛ ብዙ ተናገረ። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቴን ለቀቋት። አስካለን ሃያ አለንጋ ገርፈው አባረሯት።

ካምፕ ውስጥ «ከራሴ ነው ያወጣሁት» ማለቷ ሲሰማ ግን አገሩ ምን አለ መሰላችሁ? «ያስለቀሰችን በፈጠራ ነው!» አለ። ለቅሶ የሚጠራት ጠፋ። በጅራፍ የተቀደደ ጀርባዋን ይዛ ከቤት ቤት ስትንከራተት ዓይኗን እንኳ የሚያይ አልነበረም። እናቴም ብትሆን መንገድ ላይ ስታገኛት አንገቷን ደፍታ ታልፋት ነበር። ግጥምሽ እውነት ነበር እንዳትላት ጣሊያን አለ፣ ወሬ አቀባዩ አለ፣ እኔ አለሁ። ነገ እነግራታለሁ እያለች ሦስት ዓመት ሄደ። እናቴን በዚህ እወቅሳታለሁ፤ ፍርሃቷም ይገባኛል፤ ሁለቱም አይለቀኝም።

በ1933 ኅዳር ላይ አስካለን ወባ ገደላት። ጣሊያን ገና አልወጣም። ቀብሯ ላይ ጥቂት ሰው ቆመ፤ ግጥም የሚያወርድላት የለም፤ አልቃሽ አፉን ተውሳ «እኔ» የምትልበት ልጅም የላትም። ሰው ሊበተን ሲል እናቴ ወደ መሐል ገባች። በሕይወቷ ግጥም አውርዳ አታውቅም። ያንኑ የአስካለን ግጥም፣ ያንኑ ማሽላና ያንኑ ጥይት፣ አንድ ቃል ሳትለውጥ አለችው። ከዚያ ደረቷን ይዛ ለቆመው ሁሉ ተናገረች።

«ይሄ እኔ፣ እኔ ነኝ። አስካለ ሳታውቅ ነው እውነቱን ያለችው።»

ካምፑ ከዚያ ይታያል። እናቴ ግጥሙን ደግማ እስክትጨርስ ድረስ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።