የጡሩምባ ነፊው ማራቶን

መሳለሚያ ውስጥ ጎበዜን የማያውቅ አልነበረም፤ ሲመጣ ደስ ብሎት የሚያየው ግን አንድም ሰው የለም። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጡሩምባውን እየነፋ በየደጁ ሮጦ የሚለፍፈው እሱ ነው። በዚህ የተነሳ ሽንኩርት ሊገዛ ብቅ ቢል እንኳ ሰዉ ሰላም ሳይለው «ማን ሞተ?» ይለዋል። ለሠርግማ ጉልበቱን እንጂ ፊቱን አይፈልጉትም። ድንኳን ያስተክሉትና ሙሽራው ሳይመጣ አመስግነው ወደ ቤቱ ይሸኙታል።

እኔ ጠሃ እባላለሁ፤ ያኔ ጭድ ተራ አጠገብ አቡጀዲ እሸጥ ነበር። ከጎበዜ ጋር የተወዳጀነው አባቴ በሞቱ ጊዜ ነው። የእኛ የሙስሊሞቹ ጀናዛ አያድርም። ጠዋት ያረፈ ሰው በዚያው ቀን መቀበር አለበት፤ ዘመዶቻችን ደግሞ በከተማው ሁሉ ተበትነዋል። ጎበዜ ያን ዕለት ከመሳለሚያ ኮልፌ፣ ከኮልፌ ጉለሌ እየሮጠ ለሁሉም አዳረሰ። ሲመለስ ትንፋሹ እንኳ ቁርጥ ቁርጥ አላለም። ሐዘኑ ቀለል ሲልልኝ ጠራሁትና፣

«አንተ ሰው፣ ይሄን እግር ለቀብር ብቻ ታደርገዋለህ? የማራቶን ውድድር አለ ይባላል፤ ለምን አትመዘገብም?» አልኩት።

ከት ብሎ ሳቀ። ቆይቶ ግን ኮስተር አለ።

«እኔኮ ዋንጫው አይደለም የሚያምረኝ» አለኝ። «እየሮጥኩ ስመጣ አይቶ ደስ የሚለው ሰው አንድ ቀን ባገኝ ይበቃኛል። ስታዲየም ለፊተኞቹ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

በጃንሆይ ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ተመዘገበ፤ ለማንም እንዳልናገርም አስማለኝ። ወደ ኋላ ከቀረሁ መርካቶ በሳቅ ይጨርሰኛል አለ፤ እውነቱን ነው። ቁምጣውን ከሱቄ አቡጀዲ ያሰፋሁለት እኔ ነኝ። ትንሽ ሰፍቶታል፣ ምን ላድርግ፣ ልኬቱን በዓይኔ ነው የወሰድኩት።

የውድድሩ ዕለት ውኃ በጣሳ ይዤ መሳለሚያ ቆምኩ። ሯጮቹ ወደ ስታዲየም የሚመለሱት በእኛ በኩል ነበር። መጀመሪያ ወታደሮች መጡ። ሰዉ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። ወዲያው ከኋላቸው ጎበዜ ብቅ አለ። ስድስተኛ ነው፤ አምስተኛው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በደስታ ጣሳውን ልደፋው ነበር።

ሰፈሩ ያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ጎበዜ እየሮጠ ነው፣ ያውም ያለ ጡሩምባ። ጡሩምባውን ለማንሳት እንኳ ጊዜ ያጣው ስንት ሰው ቢያልቅ ነው? ሱቆች ተዘጉ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሀብተ ወልድ ነገሩን ሳያጣሩ ድንኳን እንዲወጣ አዘዙ። እኔ «ሩጫ ነው፣ ውድድር ነው» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ብጮህ ማን ሰምቶኝ።

እትዬ በለጥሻቸው ደጃቸው ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። አንድ ልጃቸው ኃይለየሱስ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ነው ያለው። ከፊት ወታደሮች ሲሮጡ አዩ፣ ከኋላ ጎበዜን አዩ፤ ሌላ ምን ያስቡ? ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። «ልጄን» ብለው መንገዱ ዳር ተዘረሩ።

ጎበዜ አልፏቸው ነበር። ድምፃቸውን ሲሰማ ቆመ።

«ሂድ አንተ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

«አንተን ማን ያምንሃል?» አለኝና ተመለሰ። ነገሩ ቢያበሳጨኝም እውነት ነው፤ በእኛ ሰፈር የሞት ነገር የሚታመነው ከእሱ አፍ ብቻ ነው። በርበሬው ላይ ተንበርክኮ ቀና አደረጋቸው።

«እትዬ፣ ማንም አልሞተም። የስፖርት ሩጫ ነው። ይኸው ቁጥሬ።»

«ማል እስቲ።»

«እናቴ ትሙት፣ ማንም አልሞተም።»

እሳቸው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሌሎቹ ሯጮች አንድ በአንድ አለፉት። እሱ ላቡን በበርበሬ እጁ ጠርጎ ኖሮ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ተነሣና እንደገና ሮጠ። ሰፈሩን እስኪወጣ ድረስ «ማንም አልሞተም፣ ሁሉም ደህና ነው» እያለ በየደጁ እየለፈፈ ሄደ።

በአውቶቡስ ስታዲየም ደረስኩ። ጎበዜ ሲገባ ጭብጨባው አልቋል፤ ሰዉ ሽልማት ሲሰጥ እያየ ስለነበር ማንም ዞሮ አላየውም። እኔና አንድ የበር ዘበኛ ብቻ አጨበጨብንለት። ወደ ሰፈር ስንመለስ እያነከሰ፣

«ተወው ጠሃ፣ የእኔ እግር ለዚያው ለለመደው ነው» አለኝ። አሳዘነኝ።

መሳለሚያ ስንደርስ እደጃችን ትልቅ ድንኳን ተተክሎ ሰው ግጥም ብሏል። ጎበዜ ክው አለ። ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝና፣

«ማን ሞተ?» አለ።

ለካ ድንኳኑ አንዴ ከወጣ አይቀር ብለው እየጠበቁት ነው። ለክርስቲያኖቹ ጠላ፣ ለእኛ ብርዝ ቀርቧል። እትዬ በለጥሻቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ለብሰው ከሴቶቹ ፊት ወጡ፤ እልልታቸው መርካቶ በርበሬ በረንዳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«ማንም አልሞተም» አሉት ግንባሩን ስመው። «ይልቅ ንገረኝ፣ ስንተኛ ወጣህ?»

ጎበዜ ስንተኛ እንደወጣ እስከ ዛሬ አልነገረንም፤ እንዲያ እንደቆመ፣ ያንኑ ጥያቄ ደግመው እንዲጠይቁት ለመናቸው።