የካርታው ሚስማር

ካዛንቺስ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ሆኜ የገባሁ ቀን፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ጋሽ ታደለ አንድ ፓኬት ጠመኔና በእንጨት ላይ የሚጠቀለል የአውሮፓ ካርታ አስረከቡኝ። አስፈርመውኝ ሲያበቁ፣ «ስሚ ልጄ፣ ስትሰቅዪው ሚስማሩን እዪ። አለዚያ አውሮፓ ተማሪ ላይ ይወድቃል» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

የታሪክ መምህር እንጀራው በሁለት ቃላት ላይ ነው፤ ሰበብና መንስኤ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰበብ ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ የገደለው ጥይት ነው። መንስኤው ግን ከጥይቱ በፊት የነበረው ነው፤ መንግሥታቱ የተገባቡት ቃል ኪዳን፣ ያከማቹት መሣሪያ፣ በቅኝ ግዛት የተያያዙት ፉክክር። ተማሪ በየዓመቱ ያምታታዋል። መንስኤውን ስትጠይቀው ጥይቱን ይጽፍልሃል።

ይህን ለማስረዳት አንድ ዘዴ አወጣሁ። አሥረኛ ክፍልን በየዴስኩ አገር አደረግኩት። ለሩሲያ «ሰርቢያ ከተነካች እነሳለሁ» የሚል ወረቀት ሰጠሁ፤ ለጀርመን «ሩሲያ ከተነሳች እነሳለሁ»፤ ለፈረንሳይም እንዲሁ። የጨዋታው ሕግ፦ የተነሳ አገር ሄዶ ጠላቱን ይነካል፤ ጠላቱ ሳይቀመጥም አይቀመጥም።

በመጀመሪያው ዓመት ልጆቹ ተሳስቀው ተቀመጡ። ጋሽ ታደለ በመስኮት አይተው፣ «ቲያትር ነው የከፈትሽው? ቃላቸውን ካልጠበቁ ምኑን ተማሩት!» ብለው ቀለዱብኝ። ነገሩ ከነከነኝ።

በሚቀጥለው ዓመት አስማልኳቸው። «ማርያምን አልቀመጥም» አሉ። ሙስሊሞቹ «ወላሂ» አሉ። ያልማለችው ሰናይት ብቻ ነበረች። ትንሽዬ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ከፊትና ከኋላ መሐል፣ ካርታው በተሰቀለበት የጎን ግድግዳ ሥር ስለምትቀመጥ ቤልጂየም አደረግኳት። ወረቀቷ ላይ «ከማንም ጋር አይደለሁም» ይላል፤ የሚያስምል ነገር የለውም።

ቀኑ ዝናብ አዝሎ ክፍሉ ጨልሟል። መብራት የለም። «ኦስትሪያ ሰርቢያን ወጋች» አልኩ። ሩሲያ ተነሳች። ከኋላ ጀርመን ተነሳች። ከፊት ፈረንሳይ ተነሳች። አንድም ልጅ አልሳቀም። የዴስኩ ሲጥጥታ ብቻ ነው የሚሰማው። በየቀኑ ስም የምጠራቸው ልጆች ፊታቸው የሌላ ሰው ሆነብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ፈራኋቸው።

ጀርመን ፈረንሳይን ለመንካት ወደ ፊት መምጣት አለባት። መተላለፊያው በቦርሳ ተሞልቷል። የቀረው መንገድ በሰናይት ዴስክ ላይ ነው።

«በዚህ አይታለፍም» አለች ሰናይት፣ ደብተሯን እቅፍ አድርጋ።

«ተቀመጡ!» ብዬ ጮህኩ።

«እነሱ ይቀመጡና፣ ቲቸር!» አለኝ ከኋላ አንዱ። «ማርያምን ብለናል እኮ!»

ከፊት ያሉትም ይህንኑ አሉ። ሁሉም የፊት ለፊቱን እያየ ማንም አልተቀመጠም። እንግሊዝ የነበሩት ልጆች «ቤልጂየም ከተረገጠች እነሳለሁ» የሚል ወረቀታቸውን ይዘው ተነሱ። ከኋላ ግፊያው መጣ። የሰናይት ዴስክ ተንሸራቶ ግድግዳውን መታ፤ ሚስማሩ ተነቀለ፤ ካርታው ከነእንጨቱ ወረደ። የእንጨቱ ጫፍ ቀኝ ዓይኗን አገኛት።

ጮኸች። እሷን ሳነሳ ቀና ብዬ አየሁ፤ ክፍሉ በሙሉ አሁንም ቆሟል። ያን አቋቋማቸውን ዛሬም አልረሳውም።

ዓይኗ አልዳነም።

ዳይሬክተሩ ኮሚቴ አቋቋሙ። ልጆቹ አንድ በአንድ ተጠየቁ። መሐል የነበሩት «ከኋላ ገፍተውኝ ነው» አሉ። ከኋላ የነበሩት «ከፊት ሲሄዱ አይቼ ነው» አሉ። እንዲያው የታሪክ መጽሐፉን የጦርነት ምዕራፍ የሚያነቡልኝ ነበር የመሰለኝ። የገፋ ሰው አልተገኘም።

ሪፖርቱ ተጽፎ መጣ። «የአደጋው መንስኤ፦ የላላ ሚስማር» ይላል። «የመሐላውን ነገር አታንሺው፤ በቃ፣ ከሥራሽ ትነሻለሽ» አሉኝ ዳይሬክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሚስማሩ ሰበብ እንጂ መንስኤ አልነበረም። የተማሪ መልስ ቢሆን ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዘው ነበር። ለሥራዬ ፈራሁና ፈረምኩ።

ጡረታ እስክወጣ ያንን ምዕራፍ ከመጽሐፍ እያነበብኩ አስተማርኩ። ያም ሆኖ «ሩሲያ ተነሳች» ስል የዴስክ ሲጥጥታ እሰማለሁ። ዞር ስል ሁሉም ተቀምጦ ይጽፋል።

በቅርቡ ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴት ከነአንገቷ ወደ እኔ ዞረች። በግራ ዓይኗ ነው የምታየኝ። ሰናይት ነበረች። ጉንጬን ሳመችኝና ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ሰበቡን አውቀዋለሁ፤ ማለቴ፣ ሚስማሩ ነው። መንስኤውን ግን አልነገሩኝም።»

«እኔ ነኝ» አልኳት። «እኔ አስማልኳቸው። ሪፖርቱንም አውቄ ፈረምኩ።»

ታክሲው መጥቶ ረዳቱ ይጣራል።

«ያልማልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ» አለችና ገባች።

ገና ለምታስተምሩ፦ ሚስማሩን እዩ። ተማሪ አታስምሉ።