የበር ጠባቂዋ አትንበረከክም

ሰው ሁሉ ጥሩምባ ይላታል። ስም አጥታ አይደለም፤ ድምፅዋን አንዴ የሰማ ሰው ሌላ ስም ስለማይመጣለት ነው። ልጅ ሆና እናቷ "ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል" እያሉ አሳደጓት። ትምህርት ቤት መዝሙር ሲዘመር አስተማሪዋ ጠጋ ብላ "አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ" አለቻት። ባሏም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺ ስታንሾካሹኪ እንኳ ሰፈሩ ይነቃል" ይላት ነበር። እየሳቀ ነው የሚላት፤ ግን ይላታል።

ደግነቱ ያ ድምፅ መተዳደሪያ ሆናት። አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ማይክ ይዛ የመኪና መነሻ የምትጠራው እሷ ነበረች። ማይኩ የተበላሸ ቀን ልዩነቱን ያወቀ መንገደኛ የለም። ኋላ ግን መናኸሪያው የተቀዳ ድምፅ አስገባ፤ ልስልስ ያለ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ድምፅ። ጥሩምባን ሸኟት። ቤቷ ገብታ ተቀመጠች። ባል የለ፣ ልጆቹ አግብተው ወጥተዋል፣ ከማን ጋር ታውራ? ኧረ እንደዚያ ጊዜ ዝም ብላም አታውቅ!

ከዚያ ያወጣት የእህቷ ልጅ ነው። ጢሙን ያንዠረገገ ጎልማሳ ሆኗል እንጂ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ነው። ከአንዲት የክርና የአዝራር ሱቅ በላይ ክፍል ተከራይቶ፣ ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖ፣ የውጭ ፊልሞችን በእኛው ቋንቋ ያስናግራል። የሚበዛው አኒሜ ነው፤ ሕፃን አዋቂው የሚያብድለት የሥዕል ፊልም። አንድ ቀን መጥቶ "አክስቴ፣ አንዲት አሮጊት አለች፤ ድምፅ የሚሆናት ሰው አጣሁ፤ ነይና ሞክሪልኝ" አላት።

ፊልሙ "የጭጋጉ በር" ይባላል። ክንፍ ያለው ዘንዶ አለ፣ ጎራዴው ከቁመቱ የሚረዝም ጎረምሳ አለ፣ አገር ምድሩን ልጠቅልል የሚል ንጉሥ አለ። በንጉሡ ሠራዊትና በአንዲት መንደር መሀል ደግሞ በር አለ። በሩን የምትጠብቀው ይህች አሮጊት አስማተኛ ናት። ንጉሡ ክፈቺ ሲላት "አልከፍትም" ትለዋለች። በቃ፣ ሥራዋ ይኸው ነው።

ያ ቡድን አንድ ልማድ አለው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሁሉም ተሰብስበው ፊልሙን ድምፁን ዘግተው ያያሉ። "የሌላውን ድምፅ ከሰማን ስንኮርጅ ነው የምንኖረው" ይላል የእህቷ ልጅ። አይተው ሲጨርሱ በየተራ ይፈርዳሉ፤ አንድ ሰው "አይሆንም" ካለ ሥራው ይቀራል። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው፤ ይህን ያዙልኝ።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደዚያ ነው ያዩት። አሮጊቷ በሩ ላይ እግሯን ተክላ ስትቆም ጊዜ ሁሉም ባንድ አፍ "ይቺማ ጥሩምባ ናት" አሉ። ጥሩምባም በዚያ በመናኸሪያ ድምፅዋ "አልከፍትም!" አለቻ! ንጉሡን የሚናገረው ፀጉር አስተካካይ ደነገጠ፤ ከልቡ ነው የደነገጠው። ቅጂው ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። ልጆቹ በየደጁ ዱላ ይዘው "አልከፍትም!" ይባባላሉ።

ያኔ ነው ንግግሩን ከጽሑፍ የምትመልስላቸው ተርጓሚ ለጨዋታ ያህል ዋናውን ድምፅ የከፈተችላቸው። ወይ ጉድ! አሮጊቷ ለካ በዋናው ላይ የምታንሾካሹክ፣ ትንፋሽ ያጠራት፣ ዛሬ ነገ የምትሰበር ሴት ኖራለች። ድምፅ ዘግተው አይተው አንበሳ አድርገዋት አረፉ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሕዝቡ የወደደውን ማን ይመልሰዋል ብለውም ተዉት።

ጥሩምባ ግን የሳቀችው ለይምሰል ነው። ለእሷ ቀልድ አልነበረማ። ዕድሜዋን ሙሉ ድምፅሽን ቀንሺ ስትባል ኖራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ "ጨምሪ፣ አይዞሽ ጨምሪ" ያላት ሰው ያገኘችው እዚያ ፍራሽ መሀል ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። እኔ ነኝ የምነግራችሁ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ የቴሌቪዥን ጣቢያ እናስተላልፈው ብሎ ጠየቃቸው። የእህቷ ልጅ ደስታው ሌላ ነው፤ እግሩ መሬት አልነካም። አንድ ቅዳሜ ተሰበሰቡና እንደ ልማዳቸው ድምፁን ዘግተው አዩት። አለቀ። ፍርድ ሆነ።

ፀጉር አስተካካዩ "ጦርነቱ ተዋጥቶለታል፤ ዘንዶው እንዲያውም ከፊተኛው አምሯል" አለ። ተርጓሚዋ "መሀሉ ትንሽ ይንዛዛል እንጂ ይሄዳል" አለች። ዓይን ሁሉ ወደ ጥሩምባ ዞረ።

"ሥዕሉን አደንቃለሁ" አለች። "ጭጋጉ ፊትሽ ላይ የሚያርፍ ነው የሚመስለው። የሠራው ሰው እጁ ይባረክ። ታሪኩን የጻፈው ግን ፈሪ ነው። ያ ጎረምሳ ጎራዴ ከሚመዝ ይልቅ ያለፈውን ሲያስታውስ ነው የሚውለው፤ እኛም ያኔውኑ አይተነዋል እኮ! ይሁን፣ ልጅ ነው። አሮጊቷን ግን ምን አድርጓት ነው? በመጀመሪያው ምዕራፍ ስንት ጦር አልፎባት ንቅንቅ ያላለች ሴት፣ እዚህ ምን አገኛት? አልታመመች፣ ልጅ አልሞተባት፣ የከዳት የለ። ድንገት ብድግ ትልና ንጉሡ እግር ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። ለምን? ጎረምሳው ብቻውን ጀግና እንዲሆን ነዋ! እኔ አይሆንም ብያለሁ።"

የእህቷ ልጅ ጢሙን አሻሸ።

"አክስቴ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው" አላት ቀስ ብሎ። "በዋናው ሴትዮዋ ከመጀመሪያውም ደካማ ናት። ድምፁን ብንሰማ ኖሮ መንበርከኳ አይገርመንም ነበር። አሁን ጣቢያው አለ፤ ስህተታችንን እናርም። አንቺም ዝቅ አድርገሽ፣ ለስለስ አድርገሽ..."

"ስህተት?" አለች ጥሩምባ። "ስህተቱ ሲጨበጨብለት የማን ነበር? ልጆቹ በየደጁ የሚጮሁት የማንን ቃል ነው? ደካማ ናት ካልክ ደግሞ፣ እሺ ትሁን። ደካማ ሰው እንቢ ማለት አይችልም ያለህ ማነው?"

"እሱስ ልክ ነሽ፤ ግን..."

"ግን የለም። አይሆንም ብያለሁ። ሕጉ ያንተ ነው።"

እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ "ሕጉ ለጨዋታ ጊዜ ነበር፤ አሁን ሥራ ነው" አለ። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ! ጥሩምባን ክፉኛ ነው የከፋት። ተነስታ ልትሄድ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ስትፈልግ፣ እሱ ተከትሎ "እባክሽ አክስቴ፣ አንዴ ብቻ ሞክሪው፤ ስለ እናቴ" አላት።

ጫማዋን ተወችና "እሺ፣ እሞክራለሁ" አለች። የተሸነፈች መሰላቸው። አላወቋትም።

ማይኩ ተስተካከለ። ፀጉር አስተካካዩ በንጉሥነቱ ከፊቷ ቆመ። ስክሪኑ ላይ አሮጊቷ ጉልበቷ መሬት ነካ። የተጻፈላት "ጌታዬ ሆይ፣ ይማሩኝ። በሩ የእርስዎ ነው" የሚል ነው። ጥሩምባ አንዲት ቃል አልቀየረችም። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ግን ቀጥ ብላ ቆማ፣ ያን ሰውዬ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ መናኸሪያ ሙሉ መንገደኛ በሚጠራው ድምፅ ነው ያለችው።

"ጌታዬ ሆይ! ይማሩኝ! በሩ የእርስዎ ነው!"

ደፍሮ በሩን የሚነካ ካለ ይንካ ያለች ነው የሚመስለው። ፀጉር አስተካካዩ "ተነሺ፤ ምሬሻለሁ" ማለት ነበረበት። "ተነሺ... ምሬሻለሁ" አለ፤ ድምፁ ግን ምሕረት የሚለምን ሰው ድምፅ ሆነ። ተርጓሚዋ በእጇ አፏን ያዘች።

"አክስቴ፣ ሴትዮዋ እኮ እያለቀሰች ነው!" አለ የእህቷ ልጅ ከመቅጃ ክፍሉ መስታወት ወዲያ። "እንደገና!"

እንደገና አለችው። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግማት ባሰች እንጂ አልቀነሰችም። ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና ፊቷ መጥቶ ቆመ።

"ይህቺ ሴትዮ ተሸንፋለች፤ ይግባሽ እንጂ" አላት።

"እሷ ተሸንፋ ይሆናል። እኔን ማን አሸነፈኝ?"

እሱም መሬት መሬት እያየ፣ "ሌላ ሰው ላመጣ ነው፤ ምንም ማድረግ አልችልም" አለ።

"አምጣ" አለችው። ማይኩን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰች። የፀጉር አስተካካዩን ትከሻ መታ መታ አድርጋ "አይዞህ፣ ንጉሤ፣ የምትመጣው አታስደነግጥህም" ብላ ወጣች።

ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን አልቻለችም። የማውቃት እኔ ነኝና ልንገራችሁ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያቺን አሮጊት ትወዳት ነበር። ከእንግዲህ "አልከፍትም" የሚያሰኛት የለም፤ ቤቷ ገብታ መቀመጥ ነው። ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠራረገችና ወደ ሱቁ ደጅ ወረደች።

የአዝራር ሱቋ ባለቤት ከባንኮኒዋ ኋላ ቀና ብላ አየቻት። "ምነው፣ ዓይንሽ በርበሬ መሰለ?"

"የጭጋጉን በር ሁለተኛ ምዕራፍ አይቼ ነው።"

"ውይ፣ ያስለቅሳል እንዴ? በቴሌቪዥን ሊመጣ ነው ሲሉ ሰምቼ ልጠብቀው ነበር።"

"እንዳታዪው!" አለች ጥሩምባ። ክር የሚመርጡት ሁለት ሴቶች ብድግ አሉ፣ ማዶ መንገደኛ ቆመ፣ ከላይ የቀረጻው ክፍል መስኮት ተከፈተ። "ሥዕሉ ያምራል፣ ታሪኩ ግን የማይረባ ነው! ያቺ ሴትዮ በሩን አትሰጥም!"

"እሺ እሺ፣ አላየውም" አለች ባለሱቋ ጆሮዋን ይዛ። "እዚሁ ነኝ፤ ምን ያስጮህሻል?"

"ላንቺ አይደለም" አለቻት፣ ወደ መስኮቱ ቀና ብላ።