የጋሽ ሳህሉ አቮካዶና የርብቃ እምቢታ

ጋሽ ሳህሉ ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ቤት አለው። ደቡብ አፍሪካ ዘጠኝ ዓመት ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ ኖሮ ነው የተመለሰው። እንግሊዝኛን ከደብተር አልተማረም፤ ከደንበኛ ጋር እየተከራከረ ነው የለመደው። ቅዳሜ ከሰዓት የሾኔና የዱራሜ መኪኖች ጋብ ሲሉ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ያደርግና የአስራ አንደኛና የአስራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን በእንግሊዝኛ ያጨዋውታል። ክፍያው ብርጭቆ ማጠብ ነው።

እኔ እዚያ የሄድኩት በታናሽ እህቴ በርብቃ ምክንያት ነው። ሰዋስው በሉ፣ ቃላት በሉ፣ ከክፍሏ የሚስተካከላት የለም። ግን አምና አዲስ አበባ ላለ አዳሪ ትምህርት ቤት ነጻ ዕድል ተፈትና ወደቀች። በቃል ፈተናው ላይ ፈታኙ ሆን ብሎ በእንግሊዝኛ ሊያከራክራት ሲሞክር እሷ "ዬስ ሰር፣ ዬስ ሰር" ስትል ሰዓቱ አለቀ።

"እኔኮ አልተስማማሁም ነበር!" ብላ አለቀሰች።

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ትልቅ ሰው ነዋ!"

ምን ልበላት? እኛ ቤት ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር አይመላለስም፤ አንገቱን ደፍቶ እሺ ይላል። ዘንድሮ ደግሞ የመጨረሻዋ ነው፤ ከአስራ ሰባት ዓመት በላይ አይቀበሉም።

ልጄን አሞጽን አዝዬ ይዣት ሄድኩ። ጋሽ ሳህሉ ገና ከመቀመጧ በእንግሊዝኛ፣ "ሴት ልጅ ትምህርት ምን ያደርግላታል?" አላት። ርብቃ መሬት መሬት እያየች፣ "ዬስ ሰር።"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የጎረቤት ባለሱቅ ልጅ ሱምያማ፣ "ርቤ፣ ነገ አህያ ነሽ ቢልሽም ዬስ ልትይ ነው?" አለቻት።

ጋሽ ሳህሉ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረና፣ "የአሞጽ እናት፣ እናታችሁ ምን ይሠራሉ?" አለኝ።

"ገበያ አቮካዶ ይሸጣሉ።"

"ይቺስ አብራ ትሸጣለች?"

"ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ።"

"ሽማግሌ መጥቶ ዋጋ ቢሰብር እሺ ትላለች?"

"እሷ? ለፓስተራችን እንኳን አልቀነሰችም!"

ወደ ጓዳ ገብቶ ሦስት አቮካዶ ይዞ ወጣ። "በይ፣ እኔ ከጊምቢቹ የመጣሁ ነጋዴ ነኝ። ይሄ ነገር ጥሬ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ውሃ ውሃ ይላል" አላት በእንግሊዝኛ።

የርብቃ አንገት ቀና አለ! አቮካዶውን ነጥቃው፣ ዓይኑን እያየች፣ "ጋሼ፣ ሳይቀምሱ አይፍረዱ። ነገ ይበስላል፣ ዛሬ ግን እርስዎ ነዎት የቸኮሉት" ብላ በዚያ ባማረ እንግሊዝኛዋ ለቀቀችበት። እኔ እስከ አስረኛ በተማርኳት እንኳን ገባኝ። አግዳሚው በጭብጨባ ተናወጠ።

"አሁን አቮካዶውን አስቀምጪ" አላት ጋሽ ሳህሉ። "ሐሳብሽን ሽጪልኝ።"

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ስለ ከተማ ኑሮ፣ አንድ ቅዳሜ ስለ ስደት። ሲያቅታት ጋሽ ሳህሉ አቮካዶዋን እጇ ላይ ያስቀምጥላታል።

የፈተናው ቀን ከአዳራሹ መስኮት ሥር አሞጽን እያባበልኩ ቆምኩ። ፈታኙ፣ "ስልክ ወጣቱን አበላሽቷል፤ በእኔ ቢሆን ሁላችሁንም እቀማችሁ ነበር" አለ። "ዬስ ሰር" ልትል ነው ብዬ ፈራሁ። አቮካዶ የላት!

ከዚያ ድምጿ መጣ፦ "ግማሹን እቀበልዎታለሁ፣ ግማሹን ግን እምቢ። እናቴ ለአቮካዶዋ አዲስ አበባ ድረስ ገዢ ያገኘችው በስልክ ነው። ሊቀሙን ሳይሆን ሊያስተምሩን ይገባል።" ቀጠለች፣ ሞገተች። ፈታኙ "ይበቃል፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ሊነሳ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ የኔዋ ጉድ ሊሄድ እንደተነሳ ገበያተኛ ጠራችው፦ "ይቆዩ ጋሼ! የመጨረሻዬን ልንገርዎት!"

አለቀልን ብዬ አሞጽን አጥብቄ ያዝኩት። ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ወንበሩ እንደገና ተንቋቋ፤ ተቀመጠ ማለት ነው።

በአስረኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ርብቃ ነጠላ ጫማዋን እንኳን አላስተካከለችም፤ መናኸሪያ ድረስ ሮጠች፣ እኔም አሞጽን እንዳዘልኩ ከኋላዋ። "አለፍኩ! ጋሽ ሳህሉ፣ አለፍኩ!"

ጋሽ ሳህሉ ሻዩን መቅዳቱን ሳያቆም፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ በእንግሊዝኛ፣ "አላምንም። ተሳስተው ነው የደወሉልሽ" አላት።

ርብቃ ወገቧን ያዘች። ተሳፋሪው፣ ተሸካሚው፣ ትኬት ሻጩ ሁሉ እየሰማ፣ ዓይኑን አፍጥጣ እያየች መለሰችለት፦

"ኖ ሰር! የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት!"

ሻዩ ከብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ። እሱ ግን እየሳቀ ነበር።